ፈቃዱ የፌዴራል ከሆነ ለባህር ዳር ምን ቀራት?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ባህር ዳር ነው። የሰፈራችን ኮብልስቶን የተነጠፈው ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ ነው። በቀደም ለፋይበር ተብሎ ተቆፈረ። ድንጋዩን እንደነገሩ መልሰውት ሄዱ፤ ክረምት ሲገባ ሰመጠ። አሁን ደግሞ ከጎረቤቴ ግቢ የስልክ ታወር ሊቆም ነው እየተባለ ነው። ቢሮ ሄደን ስንጠይቅ ‹ፈቃዱ የፌዴራል ነው፣ እኛን አይመለከትም› አሉን። እውነት ከተማው ምንም ሥልጣን የለውም? አሜሪካ ያለው ወንድሜ እዚያ ከተሞች ራሳቸው ለኬብል ኩባንያ ፈቃድ እየሰጡ ገንዘብ እንደሚሰበስቡ ነግሮኛል። ባህር ዳር ለምን እንዲህ አታደርግም?»

የተሰጣችሁ መልስ ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ሳይነግሯችሁ ነው የሸኟችሁ።

ነገሩ ሁለት ፈቃድ ነው። አንዱ «የቴሌኮም አገልግሎት መስጠት ትችላለህ» የሚል ነው። ሌላው «ይህን መንገድ ከዚህ እስከዚህ ቆፍረህ፣ በዚህ ቀን ጨርሰህ፣ እንደነበረ መልስ» የሚል ነው። የመጀመሪያውን የሚሰጠው ፌዴራል ነው። ሁለተኛው የከተማው ጉዳይ ነው። ኩባንያው የመጀመሪያውን ይዞ ስለመጣ ሁለተኛው ይቀርለታል ማለት አይደለም።

ከሕገ መንግሥቱ እንጀምር። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 9 የፖስታና የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎትን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። ማልማቱም፣ ማስተዳደሩም፣ መቆጣጠሩም የፌዴራል ነው። አንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 2(መ) ደግሞ መሬትን በፌዴራል ሕግ መሠረት የማስተዳደር ሥልጣንን ለክልሎች ይሰጣል። ከተማ አስተዳደሩ ሥልጣኑን የሚያገኘው ከክልሉ ነው። ፋይበሩ ቴሌኮም ነው፤ የሚቀበርበት መሬት ግን በክልልና በከተማ እጅ ያለ መሬት ነው። ክርክሩ ሁሉ የሚነሣው እነዚህ ሁለቱ በአንድ ጉድጓድ ስለሚገናኙ ነው።

ዝርዝሩን የያዘው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ያቋቋመው ይኸው አዋጅ ነው። የኦፕሬተር ፈቃድ፣ የሬዲዮ ሞገድ ድልድል፣ የተጠቃሚ መብት፣ ኩባንያዎች እርስ በርስ የሚገናኙበት ሁኔታ፣ ይህ ሁሉ የባለሥልጣኑ ሥራ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት ሁለተኛውን የኦፕሬተር ፈቃድ ሲያገኝ 850 ሚሊዮን ዶላር የከፈለው ለፌዴራል መንግሥት ነው። ለየትኛውም ከተማ አይደለም።

ጥያቄው ዛሬ ጎልቶ የመጣበት ምክንያትም እዚህ ላይ ነው። ለብዙ ዘመን አንድ ኦፕሬተር ብቻ ነበር፤ እሱም የመንግሥት። ቴሌ ቆፈረ ማለት መንግሥት ቆፈረ ማለት ስለነበር ማንም «በማን ፈቃድ?» አይልም ነበር። አሁን ግን ሁለት ኦፕሬተሮች ናቸው። ሁለቱም መስመር ይፈልጋሉ፣ ሁለቱም ታወር ይፈልጋሉ። ውኃና መብራትም በፊናቸው ይቆፍራሉ። የከተማው አሠራር ግን በብዙ ቦታ ገና በድሮው ልማድ ላይ ነው።

የአገልግሎት ፈቃዱ በፌዴራል መያዙን እኔ እደግፋለሁ። ባህር ዳር ዳርቻ ላይ የተተከለ አንቴና ሞገዱ በከተማው ወሰን አይቆምም፤ ሐይቁን ተሻግሮ ወደ ዜጌ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባህር ዳር ደርሶ ወደ ጎንደር የሚቀጥል መስመር ስንት ከተማና ስንት ወረዳ እንደሚያቋርጥ አስቡት። እያንዳንዱ የራሱን የአገልግሎት ፈቃድና የራሱን ዋጋ ቢያወጣ መስመሩ መንገድ ላይ ይቀራል።

ይህ እንዲሁ ስጋት ብቻ አይደለም። ናይጄሪያ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ክልሎቿ ከፌዴራል መንግሥቱ ጋር ተስማምተው ለፋይበር ቁፋሮ በአንድ ሜትር 145 ናይራ ብቻ ሊያስከፍሉ ቃል ገቡ። ብዙዎቹ አላከበሩትም። ኤኪቲ የተባለው ክልል በሜትር 4,500 ናይራ ያስከፍል ነበር። ኩባንያዎች ገንዘብ ወዳለበት ከተማ ብቻ ሄዱ፤ ሌላው ቀረ። በመጨረሻ ኤኪቲ ራሱ በ2020 ክፍያውን ወደ 145 መለሰው። ክዋራ የሚባለው ደግሞ በዚያው ዓመት በኪሎ ሜትር 1 ናይራ አደረገው፤ ከነጭራሹ ተወው ማለት ይቻላል። በክፍያ የጀመሩት ሰዎች ክፍያው ራሳቸውን እንደጎዳ ያዩት ዘግይተው ነው።

አሁን ወደ ወንድምዎ አሜሪካ እንምጣ። የነገሩዎት እውነት ነው፣ ግን ሙሉ አይደለም። እዚያ ከተማው መንገዱን ለኬብል ቴሌቪዥን ኩባንያ በውል ይፈቅዳል፤ ኩባንያውም ከገቢው ድርሻ ይከፍላል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከተማው መውሰድ የሚችለውን ከኬብል አገልግሎት ጠቅላላ ገቢ 5 በመቶ ላይ ገደበው። ኢንተርኔት እዚህ ውስጥ አይገባም። በ1996 የመጣው የቴሌኮም ሕግ ደግሞ ማንኛውም ከተማ ኩባንያ እንዳይገባ መከልከል አይችልም አለ። ከተማው መንገዱን ያስተዳድራል፣ ለመንገዱም ተመጣጣኝና ለሁሉም እኩል የሆነ ክፍያ ይጠይቃል፤ ከዚያ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2018 የፌዴራሉ ተቆጣጣሪ ይህንንም አጠበበው። በመብራት ምሰሶ ላይ ለምትሰቀል ትንሽ አንቴና በዓመት እስከ 270 ዶላር ያለው ተገቢ ክፍያ ተደርጎ ይወሰዳል አለ፤ ከተማውም በነባር ምሰሶ ላይ ለሆነች በ60 ቀን፣ ለአዲስ ምሰሶ በ90 ቀን መልስ እንዲሰጥ አዘዘ። ከተሞች ተከራክረው በ2020 በይግባኝ ፍርድ ቤት በአብዛኛው ተረቱ። የከተማ ሥልጣን እናት በሆነችው አገር እንኳ አካሄዱ ወዴት እንደሆነ ይኸው።

ባህር ዳር ይህን የገቢ ድርሻ ልውሰድ ብትል ሕገ መንግሥቱ አያስኬዳትም። የግብርና የታክስ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ ተከፋፍሏል፤ ከተማ ተነሥቶ በቴሌኮም ገቢ ላይ ድርሻ ሊጥል አይችልም። ሊያስከፍል የሚችለው ለሰጠው አገልግሎት ነው፦ ፕላን ለመመርመር፣ ቁፋሮውን ለመከታተል፣ ለተጠቀሙበት ቦታ። እውነቱን ለመናገር፣ ቢቻል እንኳ አልመክርም። ያ 5 በመቶ ዞሮ ዞሮ የሚወጣው ካርድ ከሚሞላው ሰው ኪስ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው የደቡብ አፍሪካው ምሳሌ ነው። በእዚያ የቴሌኮም ሕጉ ፈቃድ ያለው ኩባንያ በማንኛውም መሬት ላይ መስመር መዘርጋት ይችላል ይላል። አንድ የፋይበር ኩባንያ በትሽዋኔ ከተማ የፍሳሽና የጎርፍ ቱቦዎች ውስጥ ኬብሉን ዘረጋ። ከተማው «ፈቃዴን አልጠየቀም» ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተሰጠው ፍርድ፣ እኔ እንደምረዳው፣ ሁለቱንም አካል በየቦታው ያስቀመጠ ነው። ኩባንያው የከተማውን ይሁንታ መጠበቅ የለበትም፤ ከተማው «አይሆንም» ብሎ ሊያግደው አይችልም። ግን የከተማውን ደንብ ማክበር አለበት። በአግባቡ፣ ባለይዞታውን አማክሮ፣ ላደረሰው ጉዳት ካሳ ከፍሎ መሥራት አለበት። ‹አይሆንም› የማለት ሥልጣን የለም፤ ‹እንዲህ አድርገህ› የማለት ሥልጣን ግን አለ። የእኛም ሕግ ሲነበብ የሚያደርሰው እዚሁ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያሳዝነኝ ከተሞቻችን ይህን ሁለተኛውን ሥልጣን ሳይጠቀሙበት መቅረታቸው ነው።

የእናንተን ኮብልስቶን እንይ። ለምን ሰመጠ? ኮብልስቶን በራሱ ጥንካሬ አይቆምም። ከሥሩ የተጠቀጠቀ መደላድል አለ፣ በላዩ አሸዋ አለ፣ ከዚያ ድንጋዩ። ለፋይበር ሲቆፈር ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ ሜትር ይወረዳል። መልሶ መሙላት ያለበት በስስ በስሱ፣ እያንዳንዱን ንብርብር እየጠቀጠቁ ነው። የቸኮለ ተቋራጭ ግን የወጣውን አፈር በአንድ ጊዜ ገፍቶ ይመልሰዋል፣ በላዩ ድንጋይ ይደረድራል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይሄዳል። በባህር ዳር ብዙ ሰፈር ያለው ጥቁር አፈር ነው። ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በበጋ የተሞላ ጉድጓድ ለዓይን ደህና ይመስላል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ነው ጉዱ የሚወጣው። ያኔ ተቋራጩ ክፍያውን ወስዶ ሌላ ከተማ ገብቷል።

የቁፋሮ ፈቃዱ መያዝ የነበረበት ነገር ከዚህ ይነሣል። ከሁሉ በፊት ማስያዣ። ኩባንያው ከመቆፈሩ በፊት መንገዱን ለመመለስ የሚበቃ ገንዘብ ወይም የባንክ ዋስትና ያስይዛል። ማስያዣው የሚለቀቀው ሥራው ባለቀ ማግስት ሳይሆን አንድ ሙሉ ክረምት ካለፈ በኋላ መሆን አለበት። እኔ ከሁሉም ሁኔታዎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። መሐንዲስ ቢጎድል፣ ተቆጣጣሪ ቢጠፋ፣ የተያዘ ገንዘብ ያለበት ሰው ራሱ ተመልሶ ያስተካክላል።

ከዚያ ካርታው። ኬብሉ በየት በኩል፣ በምን ጥልቀት እንደተቀበረ የሚያሳይ ካርታ ለከተማው መግባት አለበት። ይህ ከሌለ ነገ ውኃ ቧንቧ የሚቀብረው ሰው ፋይበሩን ይበጥሰዋል፣ የፋይበሩ ሰው ደግሞ ቧንቧውን። ሰፈሩ አንድ ቀን ኔትወርክ፣ አንድ ቀን ውኃ ሲያጣ የሚኖረው ከዚህ የተነሣ ነው። የነዋሪ ማስታወቂያም አለ፦ መቼ እንደሚጀመር፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ማን ጋ እንደሚደወል የሚገልጽ። አምቡላንስ የሚገባበት፣ ሱቅ የሚከፈትበት መንገድ ነውና።

የመጨረሻው ባዶ ቱቦ ነው። አንዴ ከተቆፈረ አይቀር፣ ለሚመጣው ሌላ ኩባንያ ትርፍ ቱቦ አብሮ ይቀበር። የቱቦው ዋጋ ከቁፋሮውና ከንጣፉ ዋጋ ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑም ኦፕሬተሮች መሠረተ ልማት እንዲጋሩ የሚያዝ መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ ከተማው «ከዚህ በፊት የተቀበረ ቱቦ አለ፤ መጀመሪያ እሱን ለመጋራት ጠይቅ» ቢል ከፌዴራሉ ሕግ ጋር አይጋጭም፤ እንዲያውም ያግዘዋል። በኮሪደር ልማት መንገዶች ሲታደሱ ይህ ካልተሠራ ሌላ ጊዜ የለም። አዲስ የእግረኛ መንገድ አንጥፎ በዓመቱ መቆፈር የሕዝብ ገንዘብ ማባከን ነው።

የማቀናጀቱ ሐሳብ በፌዴራል ደረጃ አዲስ አይደለም። የተቀናጀ መሠረተ ልማት ማስተባበሪያ ኤጀንሲ በአዋጅ ቁጥር 857/2006 ተቋቁሞ ነበር። ኋላ ሥራው ወደ ከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር ገባ። ዋናው ሥራ ግን የሚሠራው መንገዱ ባለበት ከተማ ነው። ውኃ፣ መብራት፣ ቴሌኮምና መንገድ በዓመቱ መጀመሪያ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው «የት የት ልትቆፍሩ ነው?» ቢባባሉ አብዛኛው ችግር ከመነሻው ይቀንሳል። ይህ አዲስ አዋጅ አይፈልግም፤ የሚሰበስብ ሰው ብቻ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። በከተማችሁ ያለ መንገድ ሁሉ የከተማው አይደለም። ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶች በዚያው አንቀጽ 51(9) የፌዴራል ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር የሚያልፈው ዋና መንገድ ዳር ከተቆፈረ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርም ይመለከተዋል። የእናንተ ግን የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ስለሆነ ጥያቄው ከከተማው አይወጣም።

ታወሩ ትንሽ ይለያል፤ የሚቆመው በግለሰብ ግቢ ነውና። ጎረቤትዎ ቦታውን ለኩባንያ ሊያከራይ ይችላል። ውሉ ግን የከተማውን ፕላን አይሽርም። ይዞታው ለመኖሪያ ከሆነ እዚያ ላይ የንግድ ግንባታ መቆም ይችላል ወይ የሚለውን የሚመልሰው ከተማው ነው። መሠረቱና ብረቱ የግንባታ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የአፈር ምርመራና የመዋቅር ስሌት ሊታይ ይገባል። ቅድም ያልኩት ጥቁር አፈር እዚህም አለ፣ የሐይቁ ንፋስም አለ። ቁመቱ ከፍ ካለና ለአውሮፕላን ማረፊያው ከቀረበ የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ይመጣል። የሚተከለው በኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ ከሆነ ጣሪያው የጋራ ነው፤ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ብቻውን ሊያከራየው አይችልም።

ስለ ጨረሩ ሳይጠይቁኝ ብመልስ ይሻላል፤ አቤቱታ ሲጻፍ ሁልጊዜ የሚቀድመው እሱ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» በሚለው 2ለ ምድብ አስቀምጦታል። ይህ ማለት ማስረጃው ውስን ነው፣ ክትትል ይፈልጋል ማለት ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ለሕዝብ የተቀመጠው ገደብ በ900 ሜጋኸርዝ በካሬ ሜትር 4.5 ዋት፣ በ1800 ሜጋኸርዝ 9 ዋት ነው። አንቴናው ሞገዱን የሚልከው ወደ ፊት፣ ወደ አድማስ ነው። ከታወሩ እግር ሥር ያለው ቤት ብዙውን ጊዜ ትንሹን ነው የሚያገኘው፤ ርቀት ሲጨምር ደግሞ ኃይሉ በፍጥነት ይወርዳል። ልኬት የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ጠይቁ። ግን አቤቱታችሁን በጨረር ላይ ብቻ አታንጠልጥሉት። ይህ የፌዴራሉ ተቆጣጣሪ ጉዳይ ነው ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመለስባችኋል።

ጄኔሬተሩ የባሰ ጎረቤት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ያጓራል፣ ያጨሳል። እዚህ ላይ ጠንካራ ሕግ አለን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፤ ጭስን፣ ሽታን፣ ድምፅንና ንዝረትን በስም ይጠቅሳል። ይህ ሕግ ቴሌኮምም ሆነ ወፍጮ ቤት አይለይም፤ ኩባንያው የፌዴራል ፈቃድ ስላለው ከዚህ ነፃ አይሆንም።

ከተማው በእውነት የማይችላቸው ነገሮችም አሉ፤ በእነሱ ላይ ደጅ መጥናት ጊዜ ማባከን ነው። የጥቅል ዋጋ፣ የኔትወርክ ጥራት፣ ያለአግባብ የተቆረጠ ሂሳብ፣ እነዚህ መጀመሪያ ለኦፕሬተሩ፣ ካልሆነ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚቀርቡ ናቸው። አገልግሎት መክፈትና መዝጋትም በከተማ እጅ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ አስጎብኚው ምን እንደደረሰበት የባህር ዳር ሰው ያውቀዋል። ያን ማስቆም የሚችል ማዘጋጃ ቤት አልነበረም። እኔ የምመኘው ለዚህ ዓይነቱ ነገር የአካባቢ ድምፅ የሚሰማበት በር ነው። በሩ በሕገ መንግሥቱ አለ፦ አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 9 ፌዴራል መንግሥቱ ሥልጣኑን ለክልሎች በውክልና እንዲሰጥ ይፈቅዳል። የአገልግሎት ጥራትን መለካትና ቅሬታ መቀበል ቢያንስ በክልል ደረጃ ቢሠራ፣ ደቅ ደሴት ያለ ሰው ስለ ኔትወርኩ ለማመልከት አዲስ አበባን ባላሰበ ነበር።

እንግዲህ የሚቀጥለውን እንዲህ አድርጉ። በቃል መጠየቅ ይብቃ፤ ደብዳቤ ጻፉ፣ ቀሪው ላይ የተቀበላችሁበትን ማኅተም አስመቱ። «ለምን ፈቀዳችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ስለ ኮብልስቶኑ አራት ነገር ጠይቁ፦ የቁፋሮ ፈቃዱ ቁጥርና ቀን፣ ማስያዣው ስንት እንደሆነ፣ ተለቅቋል ወይስ አለ፣ ርክክቡን የፈረመው ማን ነው። ፈቃድ ከሌለ ሥራው ሕገወጥ ነበር፤ ካለ ደግሞ መንገዱን የማስመለስ ግዴታ ያለበት ሰው ስም እዚያ ላይ አለ። የመዋጮውን ደረሰኝ፣ ከቁፋሮው በፊትና በኋላ የተነሡ ፎቶዎችን አያይዙ። በደብዳቤው ላይ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ጥቀሱ፤ ኅብረተሰቡን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ የመስጠት መብታችሁ እዚያ ተጽፏል።

መልስ ካጣችሁ በከተማው የቅሬታ ሰሚ በኩል ሂዱ፤ የእንባ ጠባቂ ተቋምም ባህር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ጉዳዩ ወደ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ከሄደ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይጠቅማችኋል። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለውሳኔው ምክንያት እንዲሰጥ ያስገድደዋል፤ ውሳኔውም በፍርድ ቤት እንዲከለስ በር ይከፍታል። በባህር ዳር ከተማና በክልል ቢሮ ላይ ግን ይህ አዋጅ አይሠራም፤ ቀላቅላችሁ እንዳትጠቅሱት።

የታወሩን ደብዳቤ ከኮብልስቶኑ ለይታችሁ ዛሬውኑ አስገቡ። የቦታው አገልግሎት በፕላኑ ላይ ምን እንደሆነ፣ የግንባታ ፈቃድ ተሰጥቶ እንደሆነ፣ ጄኔሬተሩ ከየትኛው አጥር በስንት ሜትር እንደሚቀመጥ ጠይቁ። ለጎረቤትዎም ቅጂውን ስጧቸው፤ ኪራይ ሲዋዋሉ ጄኔሬተሩ ከእናንተ አጥር እንዲርቅ በውሉ ላይ ማስጻፍ የሚችሉት እሳቸው ናቸው። ቤቶኑ ከፈሰሰ በኋላ ይህን ማስቀየር እጅግ ከባድ ነው።